ስለ ሽንቱ ነገራችሁን፤ ስለ ዓይኑስ?

መድኃኒት ቤት ገብታችሁ ስትወጡ ስንት ቃል እንደሚነገራችሁ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ በሚቀጥለው ቁጠሩ። «ይሄ በቀን ሦስቴ፣ ይሄ ማታ ማታ፣ ከምግብ በኋላ።» አለቀ። አንዳንዱ ጋ እሱም የለም፤ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ 1×3 ይጫርና በመስኮቷ ይገፋላችኋል። ውስጡ ያለው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉ ደግሞ ከጤፍ ያንሳል። ዓይኑን አሞት የመጣ ሰው ያንን እንዲያነብ ነው የሚጠበቀው። ይሄ ቀልድ ካልሆነ ምንድነው?

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ዝምታ ነው። አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፦ አንድ መድኃኒት ዓይን ሊጎዳ እንደሚችል እያወቁ ለሚወስደው ሰው አለመንገር ጥፋት ነው። «ሥራ በዝቶብን ነው» አይሸፍነውም፣ «ሕዝቡ አይገባውም» ደግሞ ጭራሽ አይሸፍነውም።

ኮመንት ላይ «አንተ ባዮሎጂህን አስተምር፣ ሕክምናውን ለሐኪም ተወው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ ያለኝ ዲፕሎማ ነው፤ ሐኪም ነኝ አላልኩም፣ መድኃኒትም አላዝዝም። ነገር ግን ዓይን እንዴት እንደሚሠራ ለልጆች ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ጉዳቶችም ሐኪምና ፋርማሲስት ሁሉ በትምህርቱ ያለፈባቸው፣ የታወቁ ናቸው። ምስጢር አይደሉም። የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ ምስጢር ያልሆነው ነገር ለእናቶቻችን ምስጢር ሆኖ መቅረቱ።

በቲቢ እንጀምር። አገራችን ቲቢ በብዛት ከሚገኝባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት፤ በየቤታችን የታከመ ሰው አለ። ያንን ሰው ጠይቁት። «መድኃኒቱን ስትጀምር ምን ተባልክ?» በሉት። «ሽንትህ ቀይ ይሆናል፣ እንዳትደነግጥ አሉኝ» ይላችኋል። እውነት ነው፤ ሪፋምፒሲን የሚባለው ሽንትን ወደ ቀይ ብርቱካናማ ይለውጣል፣ ጉዳት የለውም። እሰየው፣ ተነግሮታል። አሁን ደግሞ «ስለ ዓይንህስ ምን አሉህ?» በሉት። አብዛኛው ሰው ዝም ብሎ ያያችኋል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከሚሰጡት አራት መድኃኒቶች አንዱ ኢታምቡቶል ነው። ይሄ መድኃኒት አልፎ አልፎ የዓይንን ነርቭ ይጎዳል። በትክክለኛው መጠን ለአጭር ጊዜ ሲወሰድ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር አይደለም፤ መጠኑ ከፍ ሲል፣ ጊዜው ሲረዝም ወይም ኩላሊት ሲደክም ግን አደጋው ይጨምራል፤ መድኃኒቱን በዋናነት ከሰውነት የሚያስወጣው ኩላሊት ስለሆነ። ምልክቱ ተንኮለኛ ነው። ዓይን አይቀላም፣ አያመምም። ቀለም ይደበዝዛል፤ ቀይና አረንጓዴ መለየት ያስቸግራል፤ ከዚያ የሚያዩት ነገር መሐሉ ላይ ጭጋግ ይሆናል፣ ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ዓይን። በሽተኛው ምን ይላል? «ደክሞኝ ነው፣ ምግብ ስላልተስማማኝ ነው» ይላል። ማንም አልነገረውማ! ቶሎ ተደርሶበት ሐኪሙ መድኃኒቱን ካቆመው፣ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ዓይኑ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ከዘገየ ግን ላይመለስ ይችላል። ልዩነቱ «ቀለም ከደበዘዘብህ በዚያው ቀን ና» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለባቸው ሰዎች ለረጅም ጊዜ የሚወስዱት ሊኔዞሊድም ይህንኑ ዓይነት ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

እንደ መምህር አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ቀይ የእስክሪብቶ ክዳን ያዙለት። አንድ ዓይኑን ይሸፍን፣ በሌላው ይየው፤ ከዚያ ይቀያይር። ከዚያ ጋዜጣ ወይም ዳዊት ወይም ቁርዓን፣ ያው የለመደውን ጽሑፍ በየዓይኑ ለየብቻ ያንብብ። በየሳምንቱ። ቀይው ወደ ሮዝ ከሄደ፣ ወይም ትናንት ያነበበው ዛሬ ካቃተው፣ ነገ ሳይባል ወደ ጤና ጣቢያ። ይሄ ምርመራን አይተካም፤ ሰውን ወደ ምርመራ በጊዜ ያደርሳል።

ሁለተኛው ነገር የደረሰው በሥራ ባልደረባዬ ላይ ነው፤ ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው። ማይግሬን አለባት። ቶፒራሜት የሚባል መድኃኒት ታዘዘላት። ይሄ መድኃኒት ለሚጥል በሽታም ለማይግሬንም የሚሰጥ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ስሙን ላጠፋው አልፈልግም። በጀመረች በአሥራ ምናምነኛው ቀን ጠዋት ስትነሳ የግድግዳ ሰዓቱን ማንበብ አቃታት። ከተማሪዎቹ የፊተኛው ረድፍ እንጂ የኋላው አይታያትም። ምን አደረገች? መነጽር ቤት ሄደች። ለኩና ወፍራም የሩቅ መነጽር ሸጡላት። በአንድ ሌሊት ሩቅ ማየት ያቃታት የሠላሳ ዓመት ሴት ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የጠየቃት የለም! በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ያማት ጀመር፣ ራሷን ይፈልጣት ጀመር፣ ማስታወክ መጣ። እሷ ማይግሬኑ መስሏታል። ሆስፒታል ስትደርስ አንዲት ወጣት ባለሙያ ገና ካርዱን ሳትገልጥ «በቅርቡ የጀመርሽው አዲስ መድኃኒት አለ?» አለቻት። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ተፈታ።

የሆነው እንዲህ ነው። በዚህ መድኃኒት የተነሳ በጥቂት ሰዎች ላይ ከዓይን ሌንስ ዙሪያና ከኋላው ያለው አካል ፈሳሽ ይቋጥርና ያብጣል፤ ሌንሱን ወደ ፊት ይገፋዋል። ሌንሱ ወደ ፊት ሲመጣ ሩቅ ያለው ይጠፋል። ሲብስ ደግሞ የዓይን ውስጥ ፈሳሽ የሚፈስበትን ቀጭን መውጫ ይዘጋና ግፊቱ በድንገት ያሻቅባል። ለቀናት እንዲህ ከቆየ ነርቩን ይገድለዋል። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ወር ውስጥ፣ በሁለቱም ዓይን ነው የሚመጣው። ባልደረባዬን ሐኪሙ መድኃኒቱን አቁሞላት፣ ግፊቱን የሚቀንስ ሰጥቷት፣ ከጊዜ በኋላ ዓይኗ ተመለሰ። መነጽሩ መሳቢያዋ ውስጥ ተቀምጧል፤ ብሯን የመለሰላት ግን የለም። የደም ግፊት የሚወስዱ ወላጆች ያላችሁም ልብ በሉ፦ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው ሽንት የሚያሸና የግፊት መድኃኒትም፣ እጅግ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ይህንኑ ሊያመጣ ይችላል።

ሦስተኛው ከሁሉም በላይ ያቃጥለኛል። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ያስተማርኩት አንድ ልጅ ነበር። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ በጋ ሲመጣ ዓይኑን ያሳክከዋል፣ ይቀላል፣ ያለቅሳል። የዓይን አለርጂ ነው፤ አቧራና ፀሐይ ባለበት አገር ልጆች ላይ የተለመደ ነገር ነው። እናቱ ሰፈር ያለ መድኃኒት ቤት ወሰደችው፤ ዴክሳሜታዞን ያለበት የዓይን ጠብታ ሰጧት። በሁለት ቀን ማሳከኩ ጠፋ። ተአምር! ከዚያ በኋላ ባሳከከው ቁጥር ባዶውን ብልቃጥ ይዛ ትሄዳለች፣ «ይሄንኑ ስጡኝ» ትላለች፣ ይሰጧታል። ማዘዣ የጠየቃት የለም። ስንት ጊዜ ወሰድሽ ያላት የለም። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ።

እኔ ጋ 9ኛ ክፍል ሲመጣ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው። ሰሌዳውን ያነባል። ግን ሲሄድ ከዴስክ ጋር ይጋጫል፤ ከጎን የመጣ ኳስ ፊቱን ይመታዋል፤ ልጆቹ ይስቁበታል። የጎን እይታው እየጠፋ እንደሆነ ስለጠረጠርኩ እናቱን አስጠራሁ። ሪፈር ሆስፒታል ተላከ። ግላኮማ። አንዱ ዓይኑ ላይ ነርቩ ሊያልቅ ተቃርቧል፣ በሌላው ተጎድቷል። አሁን ግፊት የሚቀንስ ጠብታ ዕድሜ ልኩን ይጠቀማል፤ የቀረውን ለማትረፍ ነው፣ የጠፋው አይመለስም።

እናቱ «በድንገት ነው የጠፋበት» ትላለች። አልፈርድባትም። ጉዳቱ ግን ለዓመታት ሲቆፍር ቆይቷል፤ ድንገተኛው እኛ ያወቅንበት ቀን ነው። ዴክሳሜታዞንን የመሰሉ የስቴሮይድ ጠብታዎች ለሳምንታት ሲወሰዱ ከሦስት ሰው የአንዱ ያህል ዓይን ውስጥ ግፊት ይጨምራሉ፤ በአንዳንዱ ላይ በጣም። ሕመም የለውም፣ መቅላት የለውም። እንዲያውም መድኃኒቱ መቅላቱን ስለሚያጠፋው ዓይኑ ያማረበት ይመስላል። ሲቆይ የዓይን ሞራም ያመጣል፣ በልጅነት እንኳን። ዓይኑ ላይ የሄርፒስ ቫይረስ ቁስል ያለበት ሰው ደግሞ ከወሰደው ቁስሉን ያባብሰዋል። ሐኪም ሲያዝዘው ለተወሰነ ቀን፣ ግፊቱን እየለካ ነው፤ ያኔ ዓይን የሚያተርፍ መድኃኒት ነው። ችግሩ ጠብታውን እንደ ማስቲካ መሸጥ ላይ ነው። እግረ መንገዴን፣ ፊት ለማቅላት ብላችሁ ስቴሮይድ ያለበት ክሬም በዓይናችሁ ዙሪያ ለወራት የምትቀቡ እህቶቼ፣ ይሄ እናንተንም ይመለከታል።

እናቱ የጠየቀችኝን ጥያቄ እስካሁን የምመልስበት አላገኘሁም። «መምህር፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሲሸጡልኝ አንድ ቀን እንኳን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» ነው ያለችኝ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፍ። ቪያግራ የሚባለውን በየኪሳችሁ የያዛችሁ ጎልማሶች፣ ነገሩ ሰማያዊ ሆኖ ከታያችሁ ወይም ብርሃን ከወጋችሁ መድኃኒቱ ሬቲና ላይም ስለሚሠራ ነው፤ ያ ብዙውን ጊዜ ያልፋል። አንድ ዓይን በድንገት ከጨለመ ግን አፍራችሁ ቤት እንዳትቀመጡ፣ ያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ምን እንደወሰዳችሁም ተናገሩ። የጉንፋን ክሎርፌኒራሚን፣ ለሆድ ቁርጠት የሚሰጠው ሃዮሲን፣ አሚትሪፕቲሊን፦ እነዚህ የዓይን ብሌንን ያሰፋሉ፣ ቅርብ ማንበብ ያስቸግራሉ፤ የዓይናቸው ፈሳሽ መውጫ በተፈጥሮው ጠባብ በሆነ ሰዎች ላይ ግፊቱን በድንገት ሊያስነሱት ይችላሉ። ኮትሪሞክሳዞል፣ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይን በጀመሩ ቀናትና ሳምንታት ውስጥ ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል፣ የቆዳ መላላጥና የዓይን መቅላት አንድ ላይ ከመጣ እሱ ድንገተኛ አደጋ ነው፤ ሕይወትም ዓይንም ይወስዳል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለዓመታት የሚወስዱ የመገጣጠሚያ ወይም የሉፐስ ታካሚዎች ሬቲናቸውን በየጊዜው መታየት አለባቸው። ለልብ ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ዓለም ቢጫ ከሆነችበት መጠኑ በዝቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ጋ ይሂድ።

አሁን ወደ ሙግቱ።

የመጀመሪያው መከራከሪያ ከባለሙያ ወዳጆቼ የሚመጣ ነው፤ «የጎንዮሽ ጉዳቱን ከነገርናቸው ፈርተው ያቋርጣሉ፤ ቲቢ ያቋረጠ ሰው ራሱም ይሞታል፣ ቤተሰቡንም ያስይዛል» ይላሉ። ይሄን በንቀት አላልፈውም፤ እውነት አለበት። ታዲያ ስለ ሽንቱ ቀለም ለምን ትነግሩታላችሁ? ካልነገራችሁት ደም ሸናሁ ብሎ እንዳያቋርጥ አይደል? የነገራችሁት እንዲጸና ነው። ዓይኑም እንደዚያው ነው። ሳይነገረው ዓይኑ የደበዘዘበት ሰው ነው ክኒኑን ጉድጓድ ውስጥ የሚጥለው፤ ጎረቤቱንም «እንዳትጀምረው፣ ያሳውራል» የሚለው እሱ ነው። የተነገረው ሰው ግን ወደ እናንተ ይመለሳል፣ እናንተም ትለውጡለታላችሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን በሽተኛውን እንወቅሳለን። የመድኃኒቱን ጉዳት የደበቀስ ምን ይገኝለታል?

ሁለተኛው መከራከሪያ ከወዲያኛው ጫፍ ይመጣል። «አየህ! ድሮም የፈረንጅ መድኃኒት መርዝ ነው፤ ቅጠሉ ይሻላል» የምትሉ አላችሁ። ቆይ፣ እኔን ምስክር አታድርጉኝ! ቲቢን የሚያድነው ያው የምትሰድቡት ክኒን ነው። ዓይን ውስጥ የተጨመቀ ቅጠል ኮርኒያ አቁስሎ ስንት ሰው እንዳሳወረ የዓይን ሐኪም ጠይቁ። ቅጠሉ መጠን የለውም፣ ማስጠንቀቂያ የለውም፣ የሚጠየቅለት ሰውም የለም። እኔ የምለው መድኃኒቱን ውሰዱ፣ እያወቃችሁ ውሰዱ ነው።

ሦስተኛው «ጊዜ የለንም፣ በቀን የምናየው ሰው ብዛቱ ያሳብዳል፣ ደሞዙም አይረባም» የሚል ነው። ስለ ደሞዝ ለመምህር ልትነግሩ ነው? እኔም አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ እንደማስተምር ታውቃላችሁ። «ዓይንህ ላይ ለውጥ ካየህ ቶሎ ና፣ በራስህ ግን አታቋርጥ» የሚለውን ጮክ ብላችሁ በሰዓት ለኩት። አምስት ሰከንድ አይሞላም።

በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል፤ ቀዳሚዎቹ ምክንያቶች የዓይን ሞራና ትራኮማ ናቸው። ድህነትና ውኃ እጦት የሚወስዱብን ዓይን አይበቃ ብሎ፣ ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ደግሞ እንጨምርበት?

ስለዚህ የምጠይቀው እንዲህ ነው። አንደኛ፣ በማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት በማዘዣ ይሸጥ። ሕጉ አለ፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ቆይቷል። የስቴሮይድ ጠብታ በባዶ ብልቃጥ ናሙናነት መሸጥ ዛሬ መቆም አለበት። ሁለተኛ፣ ማሸጊያው ላይ ከ1×3 ጎን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ ሰዉ በሚያነበው ቋንቋ አንዲት የማስጠንቀቂያ መስመር ትለጠፍ። ሦስተኛ፣ መነጽር ቤቶች በጥቂት ቀን ውስጥ ዓይኑ የተለወጠበትን ሰው መነጽር ከመሸጥ በፊት ወደ ሐኪም ይላኩት።

እናንተ ደግሞ አንባቢዎቼ፣ መስኮቷን ሳትለቁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ይሄ መድኃኒት ምንድነው? ዓይንንም ሆነ ሌላ አካል ምን ሊያደርግ ይችላል? ምን ካየሁ ነው ቶሎ የምመለሰው? የምትወስዱትን ሁሉ ስም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሳችሁ ያዙ። ዓይናችሁ በድንገት ከተለወጠ ያው ቀን ሂዱ፣ ወረቀቱንም አሳዩ። የቲቢም፣ የሚጥል በሽታም፣ የልብም መድኃኒት በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ የሚያቆመውም የሚለውጠውም ሐኪሙ ነው። ጉዳት ከደረሰ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው፤ ደውሉ። ካልተመዘገበ እንዳልደረሰ ነው የሚቆጠረው።

የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው፤ ተማሪዎቼ ለነበራችሁና ዛሬ ነጭ ጋውን ለለበሳችሁ። ፋርማሲስት የሆናችሁ አላችሁ፣ ነርስ የሆናችሁ አላችሁ፣ ጤና መኮንን የሆናችሁ አላችሁ፤ ስማችሁን ፌስቡክ ላይ ሳይ ደረቴ ይነፋል። የዓይንን ሥዕል ደብተራችሁ ላይ ስታችሁ፣ ኮርኒያ፣ ብሌን፣ ሌንስ፣ ሬቲና ብላችሁ ቀስት አስገብታችሁ ያሳያችሁኝ ናችሁ። ያኔ ጥያቄ ለጠየቀ ተማሪ ነጥብ እጨምር እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ነገ ጠዋት በመስኮቷ በኩል አንዲት እናት ባዶ ብልቃጥ ይዛ «ይሄንኑ ስጡኝ» ስትላችሁ፣ እጃችሁን ወደ መደርደሪያው ከመስደዳችሁ በፊት ጠይቋት። «ለማን ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው?» በሏት። ከዚያ ንገሯት።